የጉበት ካንሰር፦ ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት መሞከርን ለተቃወመ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጉበት ካንሰር ሕክምና የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ እየቻለ ታማሚውን ለሳምንታት መድኃኒት እየሰጡ ማቆየት፣ ይህንንም በምርምር ስም ማካሄድ፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ሲሉ ይከራከራሉ። መከራከሪያዎቻቸው ባጭሩ የሚከተሉት ናቸው፦ ሊወጣ የሚችል ዕጢ ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተሰጥተው ያልረዱ መድኃኒቶች አስቀድመው ቢሰጡ ይረዳሉ ለማለት የሚያበቃ ምክንያት የለም፤ እስካሁን የተደረጉት ሙከራዎች ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያካተቱና የሰውን ዕድሜ ሳይሆን የዕጢን መሞት የሚቆጥሩ ናቸው፤ መድኃኒቶቹ ቀድሞ የተጎዳውን ጉበት ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገሩ የመድኃኒት ኩባንያዎች ገበያ የማስፋት ጥረት በመሆኑ ገንዘቡ በሽታውን ለመከላከል ቢውል ይሻላል። ጽሑፋቸውንም ታማሚዎች «የሙከራ እንስሳ» እየሆኑ ነው በሚል ክስ ይዘጋሉ።

ጽሑፉ ለታማሚ ከማሰብ የመነጨ መሆኑ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል፤ ከነጥቦቹም መካከል በቀላሉ የማይታለፉ አሉ። ሆኖም ክርክሩ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ስሕተት ይዞ ይጓዛል። ይህን ሕክምና ለሁሉም ታማሚ በመደበኛነት ለመስጠት የሚያበቃ ማስረጃ ገና አልተሟላም መባሉ እውነት ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ መሞከሩ ራሱ ጥፋት ነው ወደሚል ፍርድ መሻገር ግን አይቻልም። እንዲያውም ማስረጃው አለመሟላቱ ሙከራውን የሚጠይቅ ምክንያት ነው እንጂ የሚከለክል አይደለም። ጸሐፊው የመጀመሪያውን የሚያስረዱ ማስረጃዎች ደርድረው በሁለተኛው ይደመድማሉ። በመጀመሪያው እስማማለሁ፤ ሁለተኛውን ለምን እንደማልቀበል ግን እርሳቸው በሄዱበት ቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

ዕጢው ሳይውል ሳያድር ይውጣ የሚለው መከራከሪያ ለሰሚ ሁሉ የሚዋጥ ነው። በጉበት ካንሰር ከተያዘ ሰው ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት፣ ከንቅለ ተከላና ትንንሽ ዕጢዎችን በሙቀት ከማቃጠል ጋር፣ የመዳን ተስፋ ከሚሰጡት ጥቂት መንገዶች አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም። ጸሐፊው ግን ታሪኩን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳያስወጡት ያቆሙታል። ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ወጣላቸው ከተባሉት ታማሚዎች መካከል እስከ 70 በመቶ በሚደርሱት ላይ በሽታው በ5 ዓመት ውስጥ ያገረሻል። ይህ ቁጥር የሐኪሞቹን እጅ የሚያስወቅስ አይደለም፤ የበሽታውን ጠባይ የሚናገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚያገረሸው ካንሰር በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጉበት ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ገብተው ከተሠራጩና ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ ሊያሳያቸው ከማይችል ሴሎች የሚመጣ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሄፓታይተስ፣ በአልኮል ወይም በስብ ክምችት ለዓመታት የቆሰለው ጉበት አዲስ የሚያበቅለው ካንሰር ነው። እንግዲህ የቸኮለ ቢላዋ ለሁለቱም መልስ የለውም። የመጀመሪያዎቹ ሴሎች ቢላዋው ሳይደርስ ወጥተዋል፤ ሁለተኛዎቹ ገና አልተፈጠሩም። ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት የመስጠት ሐሳብ ዒላማ ያደረገው እነዚያን ቀድመው የወጡትን፣ በዓይን የማይታዩትን ሴሎች ነው።

ስለ ጊዜውም ቢሆን ጸሐፊው «ወራት» እያሉ ከሚያስፈሩን ይልቅ ሙከራዎቹ የወሰዱትን ጊዜ ቢነግሩን ይሻል ነበር። በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ሴሚፕሊማብ በተባለ ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የሚያነቃ መድኃኒት) በተደረገው ሙከራ ታማሚዎቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የወሰዱት በሦስት ሳምንት ልዩነት የሚሰጥ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ21 ታማሚዎችም 20ዎቹ ዕጢያቸው ወጥቶላቸዋል። የጉበት ካንሰር ዕጢ መጠኑን በእጥፍ ለማሳደግ፣ ከሰው ሰው ልዩነቱ ሰፊ ቢሆንም፣ በመካከለኛ ግምት ከ4 ወር በላይ ይፈጃል። ደግሞም ሐኪሞች ራሳቸው በሌላ ምክንያት የሚጠብቁበት ጊዜ አለ፦ የሚቀረው የጉበት ክፍል ትንሽ ሲሆን፣ ወደሚወጣው ክፍል የሚሄደውን የፖርታል ደም ሥር ዘግተው ቀሪው እስኪያድግ ሳምንታት ይታገሣሉ። ይህን መጠበቅ ቁማር ያለው ሰው የለም።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ሳያነሡት የቀሩትን፣ ለእርሳቸው ወገን የሚቆም ማስረጃ እኔው ላንሣ። ከብዙ ዓመታት በፊት ዕጢውን የሚመግበውን ደም ሥር ከኬሞቴራፒ ጋር በመድፈን ከቀዶ ሕክምና በፊት ዕጢውን የማዳከም ስልት በሰፊው ይሞከር ነበር። በቻይና 108 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተካሄደውና በ2009 የታተመው ጥናት፣ ይህ ስልት ትልልቅ ዕጢ ላላቸው ሰዎች ምንም ጥቅም እንዳላስገኘ፣ በአንጻሩ ከአሥር ታማሚዎች አንዱ ያህሉ በዕጢው መግፋት ወይም በጉበት መድከም ምክንያት ቀዶ ሕክምናው እንዳመለጣቸው አሳይቷል። በአሜሪካ ሂዩስተን ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ በተባሉ ኢሚውኖቴራፒዎች በተደረገው ሙከራም ከ27 ታማሚዎች መካከል 7ቱ በልዩ ልዩ ምክንያት ዕጢያቸው ሳይወጣላቸው ቀርቷል። ስለዚህ መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ የለም ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን ያ አሮጌ ስልት ጥቅም የለሽ መሆኑን ያወቅነው በምን ነበር? በዕጣ ተመድበው በተነጻጸሩ ታማሚዎች ነው። ሙከራው ባይደረግ ኖሮ ስልቱ እስከ ዛሬም በልማድ ብቻ ይሠራበት ነበር።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከሁሉም ይበልጥ ማስተዋልን የሚጠይቅ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ልቆይበት። ጸሐፊው ሁለት ትልልቅ ጥናቶችን ይጠቅሳሉ። አንደኛው ስቶርም የተባለው ነው፦ 1,114 ታማሚዎች ዕጢያቸው ከወጣ ወይም ከተቃጠለ በኋላ ግማሾቹ ሶራፌኒብ፣ ግማሾቹ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ወሰዱ፤ በሽታው ሳያገረሽ የቆየበት አማካይ ጊዜ በሶራፌኒብ 33.3 ወር፣ በፕላሴቦ 33.7 ወር ሆነ። ከዚህ የጠራ ሽንፈት የለም። ሁለተኛው ኢምብሬቭ050 ነው፦ 668 ታማሚዎች ከቀዶ ሕክምና ወይም ከማቃጠል በኋላ አቴዞሊዙማብ የተባለውን ኢሚውኖቴራፒና የደም ሥር አበቃቀልን የሚያግደውን ቤቫሲዙማብን ወሰዱ ወይም ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ ቆዩ። በ2023 የታተመው የመጀመሪያው ትንታኔ በ12ኛው ወር ካንሰሩ ያላገረሸባቸው 78 በመቶ ከ65 በመቶ መሆናቸውን ሲገልጽ ብዙዎች ደስ አላቸው፤ ክትትሉ በረዘመ ጊዜ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ ጥቅሙ ዘላቂ ሆኖ አልተገኘም። ጸሐፊው እነዚህን ሁለቱን አጣምረው፣ በኋላ ያልሠራ በፊትም አይሠራም ይላሉ።

በመጀመሪያ፣ ሶራፌኒብን በዚህ ክርክር ውስጥ ማስገባት ብዙ አያስኬድም። ሶራፌኒብ የዕጢውን የደም ሥር አበቃቀልና የሴሎቹን የእድገት መልእክት የሚያግድ እንክብል ነው፤ የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት አያስተምርም። ዛሬ ከቀዶ ሕክምና በፊት እየተሞከሩ ያሉት ሕክምናዎች ግን አብዛኞቹ ኢሚውኖቴራፒን ማዕከል ያደረጉ ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው ካንሰርን አይገድሉም። ካንሰሩ ቲ ሴሎች በተባሉት የመከላከያ ሴሎች ላይ የጣለውን ልጓም ያነሣሉ እንጂ ውጊያውን የሚያካሂዱት የታማሚው ቲ ሴሎች ናቸው። ቲ ሴሎች ደግሞ ጠላታቸውን ለማወቅ የጠላቱ መለያ የሆኑትን አንቲጂኖች ማየት አለባቸው። ዕጢው በቦታው ሳለ አንቲጂኑም፣ በዕጢው ውስጥ የተከማቹት ቲ ሴሎችም አብረው አሉ። ዕጢው ወጥቶ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ሲላክ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት የሚያነቃው ሠራዊት አነስተኛ፣ የሚያሳየውም ጠላት ጥቂት ይሆናል። ከማውንት ሳይናይ ሙከራ በተገኘው ሥጋ ላይ የተደረገውና በ2023 የወጣው ጥናት፣ መድኃኒቱ በሠራላቸው ሰዎች ዕጢ ውስጥ አንቲጂንን ለቲ ሴሎች የሚያሳዩት ዴንድሪቲክ ሴሎች፣ ረዳት ቲ ሴሎችና ገዳይ ቲ ሴሎች በአንድ ቦታ ተሰባስበው መገኘታቸውን አሳይቷል። ሴሎቹ እንዲህ የሚሰባሰቡበት ቦታ ዕጢው ራሱ ነው።

ይህ ጽንሰ ሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊውን ለማሳመን አይበቃም ነበር። ነገር ግን የመድኃኒቱን ዓይነትም ብዛትም እኩል አድርጎ የሚሰጥበትን ጊዜ ብቻ የለወጠ ጥናት አለ። በ2023 የታተመው ኤስ1801 የተባለው የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ጥናት 313 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን ኢሚውኖቴራፒ 18 ጊዜ ወሰደ፤ ሁለተኛው ቡድን ከእነዚሁ 18 መድኃኒቶች 3ቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ 15ቱን ከዚያ በኋላ ወሰደ። በሁለተኛው ዓመት በሽታው ሳይመለስና ሌላ ችግር ሳይደርስባቸው የቆዩት በሁለተኛው ቡድን 72 በመቶ ሲሆኑ በመጀመሪያው 49 በመቶ ነበሩ። በመድኃኒቱ ላይ አንድ ጠብታ አልተጨመረም፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በኋላ ያልሠራ በፊትም አይሠራም የሚለው አባባል እንደ ጠቅላላ ሕግ ሊቆም አይችልም።

በጉበት ላይም እንዲሁ ይሆናል ብዬ ግን አልናገርም። ጉበት ከአንጀት በሚመጣው ደም ውስጥ ያለውን የምግብና የባክቴሪያ ቅሪት ሁሉ እያስተናገደ የሚኖር በመሆኑ የመከላከያ ሥርዓቱ ትዕግሥትን የለመደ ነው፤ ሜላኖማን ያሸነፈ ስልት እዚህ ሊከሽፍ ይችላል። ይህም ቢሆን የሚያስረዳው መሞከር እንደሚያስፈልግ ነው።

የሙከራዎቹ ማነስና የመለኪያው ነገር ሦስተኛው ነጥብ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ይበዛል፤ የምለይበት ቦታ ግን ወሳኝ ነው።

ቁጥሮቹ እነሆ። በሂዩስተኑ ሙከራ ዕጢያቸው ከወጣላቸው 20 ሰዎች መካከል በ6ቱ ዕጢው በአብዛኛው ሞቶ ተገኝቷል። በማውንት ሳይናዩ ከ20ዎቹ በ4ቱ ከዕጢው ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞቶ ነበር። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ካቦዛንቲኒብ የተባለ እንክብልና ኒቮሉማብ ከወሰዱት 15 ታማሚዎች፣ ዕጢያቸው መጀመሪያ ላይ ለቀዶ ሕክምና የማይመች ተደርጎ የታየ ቢሆንም፣ 12ቱ ጠርዙ ንጹሕ በሆነ ቀዶ ሕክምና ዕጢያቸው ወጥቶላቸዋል፤ ከእነርሱም በ5ቱ ዕጢው በአብዛኛው ወይም ሙሉ በሙሉ ሞቶ ተገኝቷል። እነዚህን የመሰሉ ሙከራዎችን የታማሚ በታማሚ መረጃ አሰባስቦ በ2024 የወጣው ትንታኔ 111 ሰዎችን አካቶ፣ 32 በመቶ በሚሆኑት ላይ ዕጢው በአብዛኛው፣ 18 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሙሉ በሙሉ እንደሞተ አመልክቷል። ዕጢያቸው በአብዛኛው የሞተላቸው ሰዎች በሽታው ሳያገረሽባቸው የቆዩበት ጊዜም ከሌሎቹ እጅግ የረዘመ ነበር።

ጸሐፊው ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አታላይ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። መድኃኒቱ የሠራላቸውን ካልሠራላቸው ጋር ማወዳደር መድኃኒቱን ካልወሰዱት ጋር ማወዳደር አይደለም። ምናልባት ዕጢያቸው የሞተላቸው ሰዎች ከመጀመሪያውም ጠባዩ የለዘበ ካንሰር የያዛቸው፣ መድኃኒት ባይወስዱም ረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በማይክሮስኮፕ የሚታይ የሞተ ዕጢ ምልክት ነው፤ የተራዘመ ዕድሜ ማረጋገጫ አይደለም። ይህን የሚያምታታ የምርምር ዘገባ ሲወጣ መንቀፍ ተገቢ ነው፤ እኔም ከነቃፊዎቹ ወገን ነኝ።

ይሁንና ትንሽ ሙከራ የተፈጠረው ይህን ጥያቄ ለመመለስ አይደለም። የ20 ሰዎች ሙከራ የሚጠየቀው መድኃኒቱ ታማሚውን ከቀዶ ሕክምናው ያስቀረዋል ወይ፣ ጉዳቱ የሚቻል ነው ወይ፣ በዕጢው ውስጥስ አንዳች የሚታይ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለውን ነው። እነዚህ ሳይታወቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ወደ ሙከራ ማስገባት ነበር ጸሐፊው የሚፈሩት ግድየለሽነት። ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጥቅም አለ። የጉበት ካንሰር በተለይ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ባለባቸው ሰዎች ላይ ሥጋ ሳይቆረስ በምስል ብቻ ሊታወቅ የሚችል በመሆኑ፣ ከሌሎች ካንሰሮች ጋር ሲነጻጸር ተመራማሪዎች እጅ የሚገባው የዕጢ ናሙና ጥቂት ሆኖ ኖሯል። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረጉ ሙከራዎች መድኃኒት ያገኘውን ዕጢ ሙሉውን ለምርመራ ያቀርባሉ። የጆንስ ሆፕኪንሱ ሙከራ ያስተማረንም ይህንኑ ነው፦ በምስል መለኪያ በግልጽ አነሰ የተባለው ዕጢ በጣም ጥቂት ሆኖ ሳለ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሞተው ከዚያ በእጅጉ በዝቶ ተገኝቷል። በምስል ብቻ የሚፈርድ ሰው እየሠራ ያለውን መድኃኒት አልሠራም ብሎ ሊያቋርጥ ይችላል ማለት ነው።

ጸሐፊው በዕጣ የተነጻጸረ ትልቅ ጥናት የለም ማለታቸው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። በቻይና 294 ታማሚዎች የተካተቱበትና ውጤቱ በ2025 ይፋ የሆነው ካሬስ-009፣ የማገርሸት ስጋታቸው መካከለኛና ከፍተኛ የሆኑ ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንደኛውን ቡድን በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ላከ፤ ለሁለተኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ካምሬሊዙማብ የተባለ ኢሚውኖቴራፒና የደም ሥር አበቃቀልን የሚያግድ ሪቮሴራኒብ የተባለ እንክብል ሰጠ። በሽታው ሳይገፋ፣ ሳያገረሽና ሞት ሳይደርስ የቆየበት አማካይ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ 19.4 ወር ሲሆን ከመድኃኒቱ ጋር 42.1 ወር ሆኗል። በዚህ መለኪያ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ቆጠራው የሚጀምረው ታማሚው በዕጣ ከተመደበበት ቀን መሆኑ ነው፤ መድኃኒት ሲወስድ ዕጢው ገፍቶ ቀዶ ሕክምና ያመለጠው ሰው ከሒሳቡ አይወጣም፤ እንደ ውድቀት ይቆጠራል። ጸሐፊው የሚሰጉበት የመዘግየት ጉዳት በቁጥሩ ውስጥ ገብቶ ሳለ ነው ልዩነቱ የታየው።

በዚህ ጥናት ላይም ቢሆን እጄን አላጨበጭብም። ውጤቱ ሲገለጽ ታማሚዎቹ በጠቅላላው የኖሩትን ዕድሜ ለመዳኘት ክትትሉ ገና አልበሰለም ነበር፤ የኢምብሬቭ050 ልምድ ደግሞ ቀድሞ የታየ ብልጫ ሊሟሟ እንደሚችል አስተምሮናል። መድኃኒቱ በፊትም በኋላም ስለተሰጠ ከጥቅሙ የትኛው ክፍል ከቀዶ ሕክምና በፊት በተሰጠው ምክንያት እንደመጣ ከዚህ ጥናት ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ሄፓታይተስ ቢ ዋነኛ መንስኤ በሆነበት ሕዝብ የተገኘ ውጤትም ካንሰሩ ከአልኮል ወይም ከስብ ክምችት ለመጣባቸው ሰዎች ሳይመረመር ሊተላለፍ አይገባውም። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሊሰጥ የሚችለው ሌላ ሙከራ ነው፤ ጸሐፊው እንዲዘጋ የሚጠይቁት በር ይኸው ነው።

ስለ ጉበት መጎዳት የተነሣው አራተኛው ነጥብ መሠረት አለው። የጉበት ካንሰር ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት በሽታ በአንድ አካል የተሸከመ ሰው ነው፤ ካንሰሩ አለ፣ ካንሰሩን የወለደው የተጠባሰ ጉበትም አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚቀረው የጉበት ክፍል ሥራውን መሸከም ካልቻለ ታማሚው ከካንሰሩ በፊት በጉበት ድካም ሊሞት ይችላል። ልጓም የተነሣለት የመከላከያ ሥርዓትም ጤናማውን ጉበት፣ ሳንባን፣ አንጀትንና የሆርሞን ዕጢዎችን ሊያጠቃ ይችላል። በሂዩስተኑ ሙከራ ከበድ ያለ የጎንዮሽ ጉዳት የታየው ኒቮሉማብን ብቻ ከወሰዱት በ23 በመቶ፣ ኢፒሊሙማብ ከተጨመረላቸው ደግሞ በ43 በመቶ ላይ ነው። ዕጢያቸው በአብዛኛው የሞተላቸው ሰዎች ድርሻ በሁለቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ በእጥፍ ሊጠጋ መቃረቡ፣ ምንም እንኳ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን፣ ሁለተኛውን መድኃኒት የሚጨምር ተመራማሪ ምክንያቱን ጠንከር አድርጎ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል።

ጸሐፊው ግን እነዚህ አደጋዎች እንዴት እንደሚጠበቁ አይነግሩንም። ሙከራዎቹ የሚቀበሉት የጉበታቸው ሥራ የተጠበቀ፣ የጉበትን ሥራ በሚመዝነው ቻይልድ-ፒው በተባለ መለኪያ የተሻለው በሆነው ኤ ደረጃ ላይ ያሉ ሰዎችን ነው። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ቫይረሱ እንዳይነሣበት እንደ ኢንቴካቪርና ቴኖፎቪር ያሉ መድኃኒቶች ይሰጡታል። ቤቫሲዙማብ ቁስል እንዳይድን የሚያዘገይና የመድማት ስጋት የሚጨምር ሲሆን በሰውነት ውስጥ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ 20 ቀን ገደማ ስለሚወስድበት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሳምንታት ይቋረጣል። በሂዩስተኑ ሙከራ በከባድ የመድኃኒት ጉዳት ምክንያት ቀዶ ሕክምናው የዘገየበት ሰው አልነበረም፤ በማውንት ሳይናዩ ሳንባው በመቆጣቱ ቀዶ ሕክምናው ለሁለት ሳምንት የተራዘመበት አንድ ሰው ነበር። እነዚህ ጥንቃቄዎች በሙከራ ውስጥ በጽሑፍ የታዘዙ፣ የሚመዘገቡና የሚመረመሩ ናቸው። ሐኪሙ ከሙከራ ውጭ በራሱ ግምት መድኃኒቱን ቢሰጥ ግን ማንም አይቆጥራቸውም፤ ጉዳት ቢደርስም ትምህርት ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ ጉበቱ ያሳሰበው ሰው ሊቃወም የሚገባው ከሙከራ ውጭ የሚደረገውን ልማድ ነው።

በአንድ ጉዳይ ግን ከጸሐፊው ጋር ያለ ምንም ማቅማማት እቆማለሁ። ንቅለ ተከላ ለሚጠብቁ ታማሚዎች ኢሚውኖቴራፒ መስጠት ከዚህ ሁሉ የተለየ አደጋ አለው። የተነቃው የመከላከያ ሥርዓት አዲሱን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያወድመው ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሕይወት ያለፈበት ሁኔታም በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ለእነዚህ ታማሚዎች በመድኃኒቱና በንቅለ ተከላው መካከል የሚኖረው የጊዜ ርቀት ሳይጠና ከዕጢ ማውጣት ሙከራ የተገኘ ውጤት ሊሰጣቸው አይገባም።

የኩባንያዎቹን ጥቅም በተመለከተ፣ ጸሐፊው ማንም የማያስተባብለውን ይናገራሉ፤ መድኃኒት አምራች አትራፊ ነው፤ አብዛኞቹን ሙከራዎችም ገንዘብ ወይም መድኃኒት በመስጠት ይደግፋል። ነገር ግን ለራሳቸው ክርክር ምሰሶ ያደረጓቸውን ሁለት ጥናቶች ያስታውሱ። ስቶርምን የደገፈው የሶራፌኒብ አምራች ባየር ነው፤ ኢምብሬቭ050ን የደገፈው የአቴዞሊዙማብና የቤቫሲዙማብ አምራች ሮሽ ነው። ሁለቱም የገዛ መድኃኒታቸውን ሽንፈት ለዓለም አሳውቀዋል። ያስገደዳቸው ጥናቱ አስቀድሞ መመዝገቡ፣ መለኪያው ከመጀመሪያው ተጽፎ መቀመጡና ዕጣው ውጤቱን ከማንም ምኞት ነጻ ማድረጉ ነው። በኩባንያ ላይ እምነት የሌለው ሰው ከጠንካራ ሙከራ የተሻለ ጠባቂ አያገኝም።

መከላከል ይቅደም የሚለውንም እቀበላለሁ፤ አማራጭ ተደርጎ መቅረቡን ግን አልቀበልም። ታይዋን በ1984 ለሕፃናት የጀመረችው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በልጆች ላይ የሚታየውን የጉበት ካንሰር በጉልህ ቀንሶታል፤ ከዚህ የበለጠ የሚያኮራ የካንሰር መከላከል ታሪክ ጥቂት ነው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2022 ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው ሥር የሰደደባቸው ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች ክትባቱ ዘግይቷል። በዚያው ዓመት በጉበት ካንሰር የተያዙት ከ860 ሺህ በላይ፣ የሞቱበት ደግሞ ከ750 ሺህ በላይ እንደሆኑ ተገምቷል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚወለደውን ሕፃን ለመጠበቅ ሲባል ዛሬ ዕጢ ያለበትን ሰው ጥያቄ ሳይመልሱ መተው የሁለቱንም መብት አያስከብርም።

የቀረው «የሙከራ እንስሳ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ክስ እንዲያው የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም ሌላ ሕክምና የሌለው ሰው ወደ ሙከራ ሲገባ የሚያጣው ጥቂት ሲሆን፣ ዕጢው ሊወጣ የሚችል ሰው ግን የሚያጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ከእርሱ የሚጠየቀው ፈቃድ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ግልጽ መሆን ይገባዋል። ወደ ሙከራ ከመግባቱ በፊት ቀዶ ሕክምናው መድኃኒት ሳይወስድ አሁኑኑ ሊደረግለት እንደሚችል፣ መድኃኒቱ ላይሠራለት እንደሚችል፣ ከእርሱ በፊት ከገቡት መካከል ቀዶ ሕክምናው ያመለጣቸው ሰዎች እንደነበሩና ስንት እንደሆኑ፣ በፈለገው ቀን ከሙከራው ወጥቶ ወደ ቀዶ ሕክምናው መሄድ እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። በየጊዜው የሚደረግ የምስል ክትትል ዕጢው እየገፋ መሆኑን ካሳየም መድኃኒቱ ተቋርጦ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባበት ውሳኔ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ ውሳኔውም የተመራማሪው ብቻ ሳይሆን ቀዶ ሐኪሙ የሚካፈለው መሆን ይኖርበታል። ጸሐፊው «ዕጢዎ ዛሬ ሊወጣ ይችላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከታማሚው ተሰውሯል ብለው የሚያምኑ ከሆነ፣ ይኸው ዓረፍተ ነገር በፈቃድ ቅጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ እኔም አብሬያቸው እጠይቃለሁ።